ኃይልን ማካፈል ወይስ ሰዓትን ማካፈል? የጓሮ ጉድጓድ ፓምፕና ከመስመር ውጪ ያለ ቤት በአንድ የፀሐይ ፓነል

በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከታጨደ በኋላ መሬቱ አያርፍም። ሜዳው በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋ ሲሆን የከርሰ ምድር ውኃው ለገጹ ቅርብ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ አርሶ አደር በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ ውኃ እያወጣ በበጋው ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ውኃው የሚወጣው በገመድና በባልዲ፣ በቤንዚን ወይም በናፍጣ ሞተር፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በፀሐይ ፓምፕ ነው። ከጉድጓዱ ጥቂት ሜትሮች ርቆ የሚገኘው ቤት ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው በተገዛ አነስተኛ የፀሐይ መብራት ያመሻል፤ አንዳንዱም ያለ መብራት።

በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከዋናው መስመር ውጪ በሆኑ አማራጮች እንደሚሆን አቅዶ ነበር። በተግባር የቤት መብራትና የመስኖ ፓምፕ የሚቀርቡት እርስ በርስ እንደማይተዋወቁ ሁለት ዕቃዎች ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ፓነል፣ የራሱ መቆጣጠሪያና የራሱ ሻጭ አለው። ሁለቱን በአንድ ፓነል ማገናኘት ሲታሰብም የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ፓነሉ ስንት ዋት ይሁን?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚያ በፊት የሚመለስ ሌላ ጥያቄ አለ የሚል ነው፤ እርሱም ፓነሉ በየትኛው ሰዓት የማን ነው የሚለው ነው።

ለማስረዳት እንዲያመች ለስሌት ብቻ የታሰበ አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ቤተሰቡ ግማሽ ቃዳ፣ ማለትም 0.125 ሄክታር ሽንኩርት አለው። ሰብሉ በበጋ በቀን 5 ሚሊሜትር ውኃ ይፈልጋል ብንል 6.25 ሜትር ኩብ ይሆናል። በቦይ ሲጠጣ ከሚባክነው ጋር ከጉድጓዱ መውጣት ያለበት ወደ 10 ሜትር ኩብ ይጠጋል። ውኃው የሚነሣበት ቁመት 11 ሜትር፣ በቧንቧ ውስጥ ያለው ሰበቃ ሲጨመርበት 12 ሜትር ይሁን። አንድ ሜትር ኩብ ውኃን አንድ ሜትር ለማንሣት 2.725 ዋት-ሰዓት ስለሚያስፈልግ፣ 10 ሜትር ኩብን 12 ሜትር ለማንሣት 327 ዋት-ሰዓት ይበቃል። ይህ ግን ውኃው ራሱ የሚፈልገው ኢነርጂ ነው። ፓምፑና ሞተሩ በአንድነት 40 በመቶ ብቃት ካላቸው ከፓነሉ የሚጠየቀው 820 ዋት-ሰዓት ያህል ይሆናል።

የቤቱ ፍላጎት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሆኑ አራት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 100 ዋት-ሰዓት፣ ሦስት የእጅ ስልኮች 30፣ ሬዲዮ 20፣ አነስተኛ ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት 60፤ በድምሩ 210 ዋት-ሰዓት። በባትሪው ገብቶ እስኪወጣ የሚባክነው ሲታሰብ 250 እንበለው። እንግዲህ ፓምፑ የቤቱን ከሦስት እጥፍ በላይ ይበላል። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ችግር የሚፈጥረው የቤቱ ትንሽ ፍላጎት ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚመጣው እርሱ ነውና።

በበጋ ጥርት ባለ ቀን የ300 ዋት ፓነል የ6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ያገኛል ብለን፣ በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚጠፋውን አንድ አራተኛ ስንቀንስ በቀን 1,350 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። የሁለቱ ድምር 1,070 ስለሆነ በወረቀት ላይ ጉዳዩ አለቀ፤ ይበቃል። ብዙ የዲዛይን ስሌቶችም እዚህ ላይ ይቆማሉ። ነገር ግን የቀኑ ድምር እንዴት እንደተከፋፈለ አይናገርም። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት የሚገኘው ወደ 300 ዋት-ሰዓት፣ ከ4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚገኘው ወደ 850፣ ከ9 ሰዓት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ የሚገኘው ደግሞ ወደ 180 ነው። ጠዋትና ማታ ደካማ፣ እኩለ ቀን ብርቱ።

ባትሪ ደካማውንም ብርቱውንም ኃይል ይቀበላል፤ 20 ዋት ቢመጣለት 20 ዋቱን ያጠራቅማል። ፓምፕ እንዲህ አይደለም። በገበያ የሚበዛው ሴንትሪፉጋል ፓምፕ የሚያፈስሰው የውኃ መጠን ከፍጥነቱ ጋር፣ ውኃውን የሚያነሣበት ከፍታ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር፣ የሚፈልገው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ይቀያየራል። በምሳሌያችን ፓምፑ በሙሉ ፍጥነት 164 ዋት እየወሰደ በሰዓት 2 ሜትር ኩብ ያወጣል፤ ቧንቧው ቢዘጋበት ሊገፋ የሚችለው ከፍተኛ ቁመት 16 ሜትር ነው እንበል። አሁን ከ4 ሰዓት ጀምሮ ኃይሉን «በፍትሕ» እኩል ለሁለት ከፍለን ግማሹን ለባትሪ፣ ግማሹን ለፓምፑ ብንሰጥ ምን ይሆናል? ኃይሉ ወደ ግማሽ ሲወርድ ፍጥነቱ ወደ 79 በመቶ ይወርዳል፤ የሚገፋበት ቁመት ግን ወደ 63 በመቶ፣ ማለትም ወደ 10 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ውኃው ያለው 11 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ፓምፑ ይሽከረከራል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ አንዲት ጠብታ አያወጣም። እኩል የተከፈለው ኃይል ግማሹ ለባትሪው ደርሷል፤ ግማሹ ግን ለማንም አልደረሰም።

ጠመዝማዛ ሮተር ያላቸው ፓምፖች ይህን ጉዳት ይቀንሳሉ፤ ፍጥነታቸው ሲወርድ የሚያወጡት ውኃ ያንሳል እንጂ ቁመቱን አይለቁም። ዋጋቸው ከፍ ያለ ሲሆን አሸዋ ያለበት ጉድጓድም ጎማቸውን ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ በብዙው ሁኔታ መፍትሔው ኃይልን በአንድ ጊዜ መክፈል ሳይሆን ሰዓትን መክፈል ነው። ከ1 እስከ 4 ሰዓት ፓነሉ የቤቱ ነው፤ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ሙሉ በሙሉ የፓምፑ፤ ከዚያ በኋላ እንደገና የቤቱ። የቤቱ 250 ዋት-ሰዓት ከእኩለ ቀን ቢወሰድ ኖሮ 3 ሜትር ኩብ ውኃ፣ ማለትም ከቀኑ መስኖ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን ያስቀር ነበር። ከጠዋቱ ሲወሰድ ግን የሚያስቀረው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ፓምፕ ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ውኃ አያወጣም ማለት ይቻላል። ቤቱ የሚወስደው ፓምፑ ሊጠቀምበት የማይችለውን ፀሐይ ነው።

መጋራቱ ለቤቱም ብዙ ጊዜ የማይነገር ጥቅም አለው። ለቤት ብቻ የሚሸጥ መሣሪያ ፓነሉ ትንሽ ስለሆነ ደመና ለሚበዛባቸው ቀናት የሁለት ወይም የሦስት ሌሊት ክምችት የሚይዝ ባትሪ ይፈልጋል። የ300 ዋት ፓነል ግን ሰማዩ በጣም በተዘጋበት ቀን፣ የአንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ብቻ ቢያገኝ እንኳ 225 ዋት-ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም የቤቱን የቀን ፍላጎት ሊሸፍን ጥቂት ነው የሚቀረው። በመሆኑም ለፓምፑ ሲባል የተገዛው ፓነል የቤቱን ባትሪ ያሳንሰዋል። ለዚህ ቤተሰብ 12.8 ቮልት፣ 40 አምፔር-ሰዓት የሆነ አንድ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ሁለት ሌሊት ያሳድረዋል። ከመሣሪያው ሁሉ ቶሎ የሚያረጀው ባትሪ እንደመሆኑ ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም።

እስካሁን ስለ ሁለት ተጋሪዎች ተናገርን፤ ሦስተኛው ጉድጓዱ ራሱ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት 0.785 ሜትር ኩብ ይይዛል። 3 ሜትር ውኃ ካለው ጠዋት ላይ የተጠራቀመው 2.4 ሜትር ኩብ ነው። ከጎንና ከሥር በሰዓት 1.5 ሜትር ኩብ የሚመነጭ ከሆነ በአምስት ሰዓት ውስጥ ሊወጣ የሚችለው 2.4 ሲደመር 7.5፣ ማለትም 9.9 ሜትር ኩብ ነው። ፓምፑ የሚፈልገው 10። ጉድጓዱ በትክክል ጫፉ ላይ ደርሷል። እዚህ ላይ ሁለተኛ ፓነል መጨመር አንድ ባልዲ ተጨማሪ ውኃ አያስገኝም፤ ፓምፑን በደረቅ ከማስኬድና ከማቃጠል በቀር። የነዳጅ ሞተር በሚሠራበት ጊዜ የነዳጁ ዋጋ በራሱ ልጓም ነበር። ፀሐይ ግን ሒሳብ ስለማትጠይቅ ልጓሙን ሌላ ነገር መያዝ አለበት። የሰዓት ክፍፍሉ ይህንንም ሥራ ይሠራል፤ ባትሪው በሚሞላበት ሰዓት ጉድጓዱም ይሞላል።

የጉድጓዱን አቅም ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በበጋው መጨረሻ፣ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ፣ የውኃው ወለል አንድ ሜትር እስኪወርድ ማውጣት፣ ከዚያም ክብደት በታሰረበት ገመድ እየለኩ ተመልሶ እስኪሞላ የሚፈጀውን ጊዜ መያዝ ይበቃል። አንዱ ሜትር በግማሽ ሰዓት ከተመለሰ የሚመነጨው በሰዓት ወደ 1.5 ሜትር ኩብ ነው። በጥቅምት የተለካ ጉድጓድ ግን በሚያዝያ ሌላ ጉድጓድ ነው፤ የጥቅምቱን ልኬት ይዞ ፓምፕ መግዛት አይመከርም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ የከፍታ ጉዳይ አለ። ፎገራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ውኃን እስከ 10.3 ሜትር ሊያቆም ሲችል እዚህ ከ8.3 ሜትር አያልፍም፤ የቧንቧ ሰበቃና ፓምፑ ራሱ የሚፈልገው ግፊት ሲቀነስ በተግባር ከመሬት በላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ ከ6 ሜትር በላይ ይስባል ብሎ መተማመን አይቻልም። በኅዳር በደንብ ሲስብ የነበረው ፓምፕ በመጋቢት «ፀሐይ አነሰው» ሲባል፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የወረደው ውኃ ነው። ለምሳሌያችን ጉድጓድ የሚስማማው ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው ዓይነት ብቻ ነው።

በተለምዶ ሮቶ የሚባለው የፕላስቲክ ታንከር በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለውን ቦታ በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። 5 ሜትር ኩብ ውኃ በ4 ሜትር መቆሚያ ላይ ሲቀመጥ በከፍታው ምክንያት የያዘው ኢነርጂ 54 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው፤ አንድ አምፖል ለሁለት ሌሊት ቢያበራ ነው። ዋጋው ሌላ ቦታ ነው። ያንኑ 5 ሜትር ኩብ በምሽት ወይም በደመና ቀን ከጉድጓዱ ለማውጣት 410 ዋት-ሰዓት ከባትሪ መውሰድ ያስፈልግ ነበር። በእርሳስ-አሲድ ባትሪ ይህ፣ ከግማሽ በላይ እንዳይራቆት ከተጠነቀቅን፣ ወደ 70 አምፔር-ሰዓት የሚጠጋ ተጨማሪ ባትሪ ማለት ነው። ታንከሩ ይህን ያስቀራል፣ በየጥቂት ዓመቱም አይለወጥም። ለመስኖው ታንከሩን ከመሬት ብዙ ማንሣት አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ የመቆሚያ ሜትር ፓምፑ የሚያነሣበትን ቁመት ይጨምራል፣ 5 ቶን የሚሸከም መቆሚያም ርካሽ አይደለም።

ክፍፍሉን የሚፈጽመው ምንድን ነው? ቀላሉ መንገድ የፓምፑን መቆጣጠሪያና የባትሪውን መሙያ ሁለቱንም በአንድ ፓነል ላይ በቀጥታ ማሰር ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም ከፓነሉ ከፍተኛውን ኃይል የሚፈልጉ፣ በባለሙያ አጠራር ኤምፒፒቲ ያላቸው ከሆኑ፣ እያንዳንዱ የፓነሉን ቮልቴጅ ወደ ራሱ ይጎትታል፤ አንዱ ያገኘውን ነጥብ ሌላው ያፈርሰዋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ የሚያገናኝ ባለ ሁለት አቅጣጫ ማብሪያ ያስፈልጋል። ማብሪያው ለቀጥተኛ ጅረት የተሠራ ይሁን፤ ለተለዋዋጭ ጅረት የተሠራው በቀጥተኛ ጅረት ላይ ሲከፈት የሚፈጠረውን የእሳት ቅስት ማጥፋት ሊሳነው ይችላል። ከተቻለ አስቀድሞ ፓምፑን በራሱ መቆጣጠሪያ አቁሞ ከዚያ ማዞር ይመረጣል። ርካሹ ፒደብልዩኤም መሙያ ደግሞ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ የለውም። በ31 ቮልት ገደማ 9.5 አምፔር የሚሰጠውን ፓነል ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ስለሚጎትተው ከ300 ዋቱ የሚደርሰው 125 ያህሉ ብቻ ነው።

ማብሪያውን በእጅ ማዞር እንደ ኋላ ቀርነት መታየት የለበትም። በ4 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ በ9 ሰዓት አንድ ጊዜ ነው። በራሱ እንዲዞር ከተፈለገ የባትሪው ቮልቴጅ ምልክት ሊሰጥ ይችላል። በ12 ቮልት የእርሳስ-አሲድ ባትሪ መሙያው 14.4 ቮልት ሲደርስ ፓነሉ ወደ ፓምፑ ይዞራል፣ ባትሪው ወደ 12.2 ከወረደ ይመለሳል። በሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ግን ይህ ዘዴ አያስተማምንም፤ ቮልቴጁ በአብዛኛው የክምችቱ ክልል 13.2 አካባቢ ተኝቶ ስለሚቆይ ግማሽ የሆነውን ከሞላው ጎደል ሙሉ ከሆነው አይለይም። እዚያ የሚገባውንና የሚወጣውን ጅረት የሚቆጥር መለኪያ ያስፈልጋል።

የእርሳስ-አሲድ ባትሪ አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው። 14.4 ቮልት መድረሱ ሞላ ማለት አይደለም፤ የመጨረሻውን ድርሻ የሚቀበለው በዝግታ፣ በሰዓታት ነው። በየቀኑ በ4 ሰዓት ከፓነሉ የሚለያይ ባትሪ ቀስ በቀስ ሰልፌት ይጋግርበታል። መድኃኒቱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ መስጠት ነው፤ ይህ ቀን ደግሞ በአካባቢው የቀን መቁጠሪያ ውስጥ አስቀድሞ አለ። እሑድና በየወሩ የሚከበሩት በዓላት ለእርሻ ሥራ የማይወጣባቸው ቀናት ናቸው። ፓነሉ በእነዚያ ቀናት የቤቱ ይሆናል፤ ጉድጓዱም ያርፋል።

ፓነሉ የት ይተከል የሚለው በኤሌክትሪክ ስሌት ብቻ አይወሰንም። ጉድጓዱ ከቤቱ 60 ሜትር ቢርቅና ፓነሉ ቤቱ ዘንድ ቢሆን፣ በ6 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ላይ 9.5 አምፔር ሲሄድ 3.3 ቮልት፣ ማለትም ከአሥር አንድ በላይ በመንገድ ይቀራል። ፓነሉን ጉድጓዱ ዘንድ መትከል ለፓምፑ ይሻላል፤ ወደ ቤቱ በጠዋት የሚሄደው ጅረት ደካማ ስለሆነ የሚጠፋውም ትንሽ ነው፣ መሙያው ከባትሪው አጠገብ እስከተቀመጠ ድረስ። ይሁንና ማሳ ላይ የሚያድር ፓነል ጠባቂ ይፈልጋል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ወፍራም ሽቦ ገዝቶ ፓነሉን በግቢ ማኖር ከዘበኛ ይረክሳል፤ የጓሮ ጉድጓድ ላለው ቤተሰብ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይነሣም።

ክረምት ሲገባ ክፍፍሉ ይፈርሳል፤ ዝናቡ ያጠጣል፣ ፓምፑ ይተኛል፣ ፓነሉ ቀኑን ሙሉ የቤቱ ይሆናል። ደመናው የቀኑን ድርሻ ወደ 3.5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያወርደው እንኳ ወደ 790 ዋት-ሰዓት ይገኛል፤ ከ250ው ፍላጎት በላይ 540 ይተርፋል። አነስተኛ የቀጥተኛ ጅረት ማቀዝቀዣ የመግዛት ሐሳብ የሚመጣው በዚህ ወቅት ነው፤ በቀን 400 ዋት-ሰዓት ቢወስድ በክረምት ማንንም አይጎዳም። ማቀዝቀዣው ግን በጥቅምት አይጠፋም። በበጋ የቤቱ ፍላጎት 650 ይሆናል፣ የጠዋቱና የማታው ሰዓት በአንድነት የሚሰጡት 480 ነው። የጎደለው 170 ዋት-ሰዓት ከፓምፑ እኩለ ቀን ይወሰዳል፤ በውኃ ሲመነዘር በየቀኑ 2 ሜትር ኩብ፣ በመሬት ሲመነዘር ከግማሽ ቃዳው ሽንኩርት አንድ አምስተኛው ነው። ማቀዝቀዣው የሚያስገባው ገንዘብ ከዚያ አንድ አምስተኛ ይበልጥ እንደሆነ ቤተሰቡ ማስላት ያለበት ከመግዛቱ በፊት፣ ሐምሌ ላይ ሳለ ነው።